ግድግዳ መቀባት ወይስ ስክሪን መግዛት? ለቤት ፕሮጀክተር የቱ ይሻላል

ፕሮጀክተር ገዝቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የት ላይ ላብራው? ስክሪን የሚሸጠው ነጋዴ «ያለ ስክሪን ዋጋ የለውም» ይላል። ኢንተርኔቱ ደግሞ ግራጫ ቀለም ቀብተው ሳሎናቸውን ሲኒማ ባደረጉ ሰዎች ቪዲዮ ተሞልቷል። ነጋዴውም ቪዲዮውም ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። ችግሩ ሁለቱም የእናንተን ቤት አለማየታቸው ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ማታ ማታ ፊልም ለሚያይ ሰው፣ በደንብ ተስተካክሎ ነጭ ማት (የማያብለጨልጭ) ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይበቃዋል። ተጨማሪ ገንዘብ ካለው በስቱኮና በመጋረጃ ላይ ያውጣው። ልዩ ቀለም፣ ግራጫ ቀለም፣ ውድ ስክሪን የሚያስፈልገው ሰውም አለ። ግን ቁጥሩ ከሚወራው በጣም ያነሰ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እወቁ

ግድግዳ ብርሃን አይፈጥርም። የመጣለትን ይመልሳል፣ በቃ። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ስንት ብርሃን እንደሚያወጣ ሳያውቁ ቀለም መምረጥ ትርጉም የለውም።

የብርሃኑ መጠን የሚለካው በሉመን ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ግን አትመኑ። «9000 ሉመን» ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ፕሮጀክተር በትክክለኛው መለኪያ 200 እንኳ ላይሞላ ይችላል። መፈለግ ያለባችሁ «አንሲ ሉመን» (ANSI) ወይም «አይሶ ሉመን» (ISO) የሚል ጽሑፍ ነው። እነዚህ አለካካቸው የታወቀ ነው። ዝም ብሎ «ሉመን» ካለ ሻጩ የፈለገውን ጽፏል ማለት ነው።

ቁጥሩን ካወቃችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። ካንዴላ በካሬ ሜትር የምስሉ ድምቀት መለኪያ ነው፤ የዲጂታል ሲኒማ ስታንዳርድ ነጩ ምስል በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ እንዲደምቅ ይፈልጋል። 500 አንሲ ሉመን ያለው ማሽን 100 ኢንች በሆነ ፍጹም ነጭ ገጽ ላይ 58 ገደማ ይሰጣል። እውነተኛ ግድግዳ ከዚህ ትንሽ ቢቀንስም ለጨለማ ክፍል በቂ ነው። 200 ሉመን ያለው ማሽን ግን 100 ኢንች ላይ 23 ብቻ ይደርሳል። ያንኑ ማሽን ወደ 70 ኢንች ብታወርዱት 47 ይሆናል። ብዙ ሰው «ግድግዳዬ ምስሉን አደበዘዘው» የሚለው ምስሉን ከአቅሙ በላይ ስለለጠጠው ነው። ማሽኑን ወደ ግድግዳው ትንሽ ጠጋ ማድረግ ከማንኛውም ቀለም የበለጠ ይሠራል፣ ሳንቲምም አያስወጣም።

ስፋቱን አስቀድማችሁ በሜትር ለኩ። ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ነው። 80 ኢንች ምስል 177 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው። 100 ኢንች 221 በ125 ይሆናል፤ 120 ኢንች ደግሞ 266 በ149። ከዚያ ማሽኑ ምን ያህል ርቀት እንደሚፈልግ እዩ። መመሪያው ላይ 1.2 የሚል የርቀት ቁጥር (throw ratio) ካለ የምስሉን ስፋት በ1.2 ታባዛላችሁ። ለ100 ኢንች 265 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ 3 ሜትር ከ30 ያስፈልጋል። ጠባብ ሳሎን ላለው ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከሶፋው ጀርባ ቦታ ላይኖር ይችላል።

ማሽኑንም ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጎን ላይ አስቀምጦ ምስሉን በሴቲንግ ማቃናት ይቻላል። ግን ያ የሚሆነው ምስሉን በመቁረጥ ነው፤ ጥራቱ ይወርዳል።

እግረ መንገዴን፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1500 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ማራገቢያውን የሚያፈጥን ሴቲንግ አላቸው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ማሽኑ በደንብ አይቀዘቅዝም። ድምፁ ትንሽ ይጨምራል፣ ግን አብሩት።

ጥቁር ከየት ይመጣል?

ይህች ነገር ከገባች የቀረው ሁሉ ይቀላል። ፕሮጀክተር ጥቁር ማብራት አይችልም። ፊልሙ ውስጥ ሌሊት ሲሆን ማሽኑ ብርሃኑን የቻለውን ያህል ይከለክላል እንጂ ሌላ የሚያደርገው የለም። እዚያ ቦታ ላይ የምታዩት የራሳችሁን ግድግዳ ነው። አምፖል በርቶ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ከታያችሁ የፊልሙም ሌሊት ነጭ ነው።

ታዲያ ሰው «ግድግዳውን ግራጫ ብቀባው ጥቁሩ ይጠቁራል» ይላል። ልክ ነው፣ ይጠቁራል። ግን ነጩም በዚያው ልክ ይደበዝዛል። ግራጫ ቀለም ከፕሮጀክተር የመጣውንና ከመስኮት የመጣውን ብርሃን ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም እኩል ይውጣል። መስኮቱ ክፍት ከሆነ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም ኮንትራስቱ፣ ግራጫ በመቀባት አይሻሻልም። ያንን የሚያሻሽለው መስኮቱን መዝጋት ነው።

ግራጫ የሚረዳበት ቦታ ሌላ ነው። ክፍሉ ጨልሞም ቢሆን ምስሉ ራሱ ክፍሉን ያበራል። ነጭ ኮርኒስ፣ ክሬም የጎን ግድግዳ፣ የሚያብለጨልጭ የሴራሚክ ወለል ሁሉም ያንን ብርሃን ተቀብለው ወደ ምስሉ ይመልሱታል። ምስሉ የሚያርፍበት ግድግዳ ግራጫ ከሆነ ወደ ክፍሉ የሚበተነው ብርሃን መጀመሪያ ይቀንሳል፣ ተመልሶ ሲመጣም እንደገና ይቀንሳል። እዚህ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለ። ጥቅሙ ግን በትርፍ ብርሃን የሚከፈል ነው፤ ትርፍ የሌለው ማሽን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ከቀለም በፊት መጋረጃ። ወፍራምና ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። ከዘንጉ በላይና ከጎኑ ሾልኮ የሚገባውንም ዝጉት። ወለሉ ላይ ጠቆር ያለ ምንጣፍ ጣል አድርጉ። የጎን ግድግዳዎችን ጥቁር መቀባት ከሁሉ ይበልጣል። እናቴ ባለችበት ቤት ግን ይህን ሐሳብ አላነሳም፤ እናንተም ባታነሱ ይሻላል። በምትኩ ከምስሉ ግራና ቀኝ ጠቆር ያለ መጋረጃ መስቀል ይቻላል። ማታ ይዘረጋል፣ ቀን ይሰበሰባል።

ያለው ግድግዳ እንዳለ ቢሆንስ?

ምንም ሳትገዙ ሞክሩት። ብዙ ቤት ግድግዳው ክሬም ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነው። ፊልም ስታዩ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። በረዶና ነጭ ሸሚዝ ሲመጣ ግን ቢጫነቱ ይታወቃል። ማሽኑ የቀለም ሴቲንግ ካለው ወደ «ቀዝቃዛ» ስትወስዱት የተወሰነ ይስተካከላል። በዚያው መጠን ድምቀት ይቀንሳል።

ሁለት ሙከራ በቂ ነው። አንደኛው፣ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከግድግዳው ጎን አስጠግታችሁ አብሩ። ብርሃኑ ግድግዳውን እየላሰ ሲሄድ እብጠቱ፣ ጉድጓዱ፣ ድሮ ሚስማር የተነቀለበት ቦታ ሁሉ በጥላው ይጋለጣል። ሁለተኛው፣ ነጭ ምስል አብርታችሁ መሀሉ ላይ አንድ ነጭ የኤ4 ወረቀት ለጥፉ። ወረቀቱ ከግድግዳው በጣም ከደመቀ ግድግዳው ብርሃን እየበላ ነው። ልዩነቱ ብዙም ካልታየ ቀለም ቀብታችሁ የምታገኙት ለውጥ ትንሽ ነው። ያኔ ገንዘቡን ለስፒከር አውሉት። ትንንሽ ፕሮጀክተሮች ውስጥ ያለው ስፒከር ብዙውን ጊዜ ለፊልም አይሆንም።

ነጭ ማት ቀለም

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀለሙ የትም አይጠፋም፣ ባያምር ደግሞ ተመልሶ ይቀባል።

ሱቅ ስትሄዱ የምትጠይቁት ፕላስቲክ ቀለም፣ ንጹሕ ነጭ፣ ማት ነው። ሦስቱንም ቃል ተናገሩ። «ነጭ» ብቻ ካላችሁ ኦፍ ዋይት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እሱ ክሬም የተቀላቀለበት ነው፤ ከሸሻችሁት ችግር ጋር መልሶ ያገናኛችኋል። ንፋስ ስልክ፣ ካዲስኮ ወይም ሌላ ፋብሪካ የሠራው ይሁን፣ የምርት ስሙ ከነዚህ ሦስት ቃላት ያነሰ ነው። መጠኑም ብዙ አይደለም። የ100 ኢንች ምስል ቦታ 3 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ጋሎን ለሁለት ለሦስት እጅ በቅቶ ይተርፋል። የተረፈውን በደንብ ከድናችሁ አስቀምጡት፤ ማት ቀለም የጣት አሻራ ስለሚይዝ አንድ ቀን ትፈልጉታላችሁ።

ቀለም ቀቢ ካስመጣችሁ አንድ ክርክር አይቀርላችሁም። «በሲንተቲክ እንቀባው፣ ይታጠባል፣ ያምራል» ይላችኋል። ለኩሽና ልክ ነው። እዚህ ግን እምቢ በሉ። የሚያብለጨልጭ ቀለም ላይ የፕሮጀክተሩ ሌንስ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ይንጸባረቃል። ምስሉ መሀል ላይ አንድ ደማቅ እድፍ ይቀመጥና ተመልካቹ ቦታ በቀየረ ቁጥር አብሮት ይሄዳል። ሳቲንና ሰሚ ግሎስ የሚባሉትም ቀለል ባለ መልኩ ያንኑ ያደርጋሉ። ማት ቀለም ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበትናል። ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠ እንግዳ መሀል ከተቀመጠው ጋር አንድ ዓይነት ምስል ያያል።

ኳርትዝ የተቀባ ግድግዳ ካላችሁ ደግሞ እሱን አትምረጡ። ሸካራነቱ የጥቃቅን ፊደላትን ጠርዝ ይበላል። የእግር ኳሱ ውጤትና ሰብታይትሉ መጀመሪያ ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ቀለሙ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ ልፋቱ ያለው ከሱ በፊት ነው። ግድግዳው እርጥበት ካለው ምንም አትጀምሩ። ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ክረምት ላይ የሚያብጥ ከሆነ ቀለሙ መላጡ አይቀርም፤ ሌላ ግድግዳ ፈልጉ። አዲስ ልስን ከሆነ ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ።

የተላጠውን አሮጌ ቀለም በስፓቱላ ፈግፍጉ። ቅባትና አቧራውን አጥባችሁ አድርቁ። ከዚያ ስቱኮ። ወፍራም አንድ ጊዜ ከመለጠፍ ቀጭን ሁለት ጊዜ ይሻላል፤ ወፍራሙ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስቱኮው ከምስሉ ጠርዝ በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ይለፍ። የቀረውን ግድግዳ ስቱኮ ማድረግ ግዴታ አይደለም። ሲደርቅ በሸካራው የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በለስላሳው አሹት። ለመጨረስ ስትቸኩሉ ያንን የስልክ ባትሪ አምጡና በጎን አብሩ። ዓይን የማያየውን እሱ ያያል። ቀለም ቀቢው ራሱ በራሱ ሥራ የሚደነግጥበት ጊዜ አለ።

ከእሸታው በኋላ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይወገድ። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፕራይመር ይቀባ። ያለ ፕራይመር የተቀባ ቀለም አንዱ ቦታ ማት፣ ሌላው ቦታ አብለጭላጭ ሆኖ ይደርቃል። ፊልሙ ላይ እንደ ደመና ይታያል።

ሮለሩ አጭር ጸጉር ያለው ይሁን። ረጅም ጸጉር ያለው ሮለር እህል እህል የሚል ገጽ ይተዋል፣ ያን ሁሉ የብርጭቆ ወረቀት ድካም ያበላሻል። ብሩሽ ለጠርዝ ብቻ። ቀለሙ ሳይደርቅ ከላይ እስከ ታች በአንድ አቅጣጫ ጨርሱ። ግማሽ ከደረቀ በኋላ «እዚህ ጋ ትንሽ ቀርታለች» ብሎ መመለስ ምልክት ይተዋል። የቀረችውን ለሚቀጥለው እጅ ተዉዋት። ሁለት እጅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከታች ጠቆር ያለ ቀለም ከነበረ ሦስተኛ ያስፈልጋል።

ግራጫ ቀለም

ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ አስቡት። ማሽኑ በእውነተኛ መለኪያ ትርፍ ብርሃን ካለው፣ እና ክፍሉ ነጭ ሆኖ ልትቀይሩት ካልቻላችሁ። 2000 አንሲ ሉመን ያለው ማሽን በጨለማ ክፍል ነጭ ግድግዳ ላይ ዓይን ይወጋል፣ የሌሊት ትዕይንቱም አመድ ይመስላል። ቀለል ያለ ግራጫ ይህንን ያረጋጋዋል።

ምን ያህል ግራጫ? የቀለም ባለሙያዎች ኤን 9 የሚሉት ቀለል ያለ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 79 ከመቶ ገደማ ይመልሳል። ኤን 8 ደግሞ 59 ከመቶ ገደማ። ጥሩ ነጭ ማት ቀለም ከ85 በላይ ነው። በኤን 8 ላይ ያ 500 ሉመኑ ማሽን ከ58 ወደ 34 ይወርዳል። ትንሽ ማሽን ይዞ ግራጫ የሚቀባ ሰው ራሱን እየቀጣ ነው።

ሌላው ጣጣ ገለልተኛ ግራጫ ማግኘት ነው። ነጭ ላይ ጥቁር ብቻ ሲጨመር የሚወጣው ግራጫ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሰው ፊት ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ ሁሉም ተዋናይ ብርድ የመታው ይመስላል። እንዲህ ከሆነ በጣም ትንሽ ቡናማ ወይም ቢጫ ይጨመርበታል። በእጅ ከማማሰል ይልቅ ቀለም በማሽን ከሚቀምም ሱቅ ማሠራት ይሻላል፤ ሌላ ጊዜ ያንኑ ቀለም ደግሞ ለማግኘትም ይረዳል። መጀመሪያ ቁራጭ ሰሌዳ ቀብታችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉና የሰው ፊት ያለበት ቪዲዮ አብሩበት። እርጥብ ቀለም አይታመንም፣ ሲደርቅ ይቀየራል።

«የፕሮጀክተር ቀለም» የሚባለው

ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀለም ይሸጣል። ስክሪን ጉ የሚባለው ከታወቁት አንዱ ነው። ጥሩ ጎኑ ቀለሙ ገለልተኛ እንዲሆን ታስቦ መቀመሙ ነው፤ ሱቅ ለሱቅ ከመዞር ያድናል። ዋጋው ግን ከተራ ማት ቀለም ጋር አይነጻጸርም። ያልተስተካከለ ግድግዳ ላይ ከተቀባም እብጠቱ እንዳለ ይታያል። አንዳንዶቹ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አላቸው፤ በሮለር እኩል ካልተዳረሰ መስመር መስመር ሆኖ ይቀራል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ጣሳ አስመጪ ብሎ ዘመድ ማስቸገር እኔ አልደግፍም።

አሜሪካ ለሚኖር ሰው ነገሩ ይቀላል። ቤዝመንት ውስጥ መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ዋናው የብርሃን ችግር አስቀድሞ ተቃልሏል። ግድግዳው ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) ስለሆነ ስቱኮ እንደ እኛ ቤት አያስለፋም። ሆም ዲፖ የሚባለው መደብር ገብቶ ቤር የተባለውን ምርት ማት ቀለም በማሽን ማስቀመም ይቻላል። ቤር «ሲልቨር ስክሪን» የሚል ስም ያለው ቀላል ግራጫ አለው፤ ቤታቸውን ራሳቸው የሚቀቡ ሰዎች ለፕሮጀክተር ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ጣሳው ላይ ስሙ ስክሪን ስላለ ብቻ ለፕሮጀክተር የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ተራ የግድግዳ ቀለም ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ

አከራያችሁን ሳታማክሩ ግድግዳ አትንኩ። ነጭ መቀባት ብዙ አከራይ አይከለክልም፣ ደስም ይለዋል። ግራጫ ቀለምና በምስሉ ዙሪያ የሚደረግ ጥቁር ጠርዝ ግን ሲለቁ የሚያጨቃጭቅ ነገር ነው።

ለተከራይ የምወደው መፍትሔ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ነው። አንድ ሙሉ ሉህ ብዙ ጊዜ 244 በ122 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱን ሳትነኩ ርዝመቱን 217 ላይ ብታስቆርጡት ልክ 98 ኢንች ስክሪን ይወጣዋል። ገጹ ከፋብሪካ ሲመጣ ለስላሳ ስለሆነ ስቱኮ አይፈልግም። ፕራይመርና ሁለት እጅ ነጭ ማት ይበቃዋል። ጀርባውንም ቀቡት፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ እርጥበት ይዞ ይጎብጣል። ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ኮምፔርሳቶ ቀለል ይላል፣ ግን የእንጨቱ መስመር ስለሚታይ ብዙ ማሸት አለበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ደረጃውን ለኩ። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ሰሌዳ ማዞር ቀልድ አይደለም። መታጠፊያው ላይ ካላለፈ ለሁለት ማስቆረጥ ትገደዳላችሁ፤ መሀል ላይ የሚቀረው መስመር ደግሞ ምስሉ ላይ ይታያል። ክብደቱም አለ። ብሎኬት ላይ ሲሰቀል ጥሩ ፊሸር ያስፈልገዋል። ልጆች ባሉበት ቤት በሚስማር ማንጠልጠልን አልመክርም።

አንሶላና አቡጀዲ? ለአንድ ምሽት የሠፈር ፕሮግራም ጥሩ ናቸው። ለዘወትር ግን አይሆኑም። ብርሃኑ በከፊል ወደ ኋላ ያልፋል፣ ይጨማደዳሉ፣ ንፋስ ሲነካቸው ተዋናዩ ይወዛወዛል። ድርብ አድርጎ ፍሬም ላይ መወጠር ትንሽ ያሻሽለዋል።

ከጨርቅ ይልቅ ማስታወቂያ ቤት ጎራ በሉና ያልታተመበት ነጭ ባነር ጠይቁ። ባነር በሰፊ ጥቅል ስለሚመጣ 100 ኢንች ያለ ስፌት ይወጣል። ዙሪያውን ቀለበት አስመትታችሁ በገመድ ስትወጥሩት ለጥ ይላል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የሚያብለጨልጨውን ትታችሁ ማቱን ውሰዱ። ብርሃን የሚያሳልፈውን ትታችሁ ጀርባው የተዘጋውን ውሰዱ። ሱቁ ውስጥ የስልክ ባትሪ ከኋላው አብርታችሁ ማየት ነው፣ ማንም አይቆጣም።

የተሠራ ስክሪን የሚያዋጣው መቼ ነው?

በእግር የሚቆመው ወይም ከላይ የሚጎተተው ተራ ነጭ ስክሪን በምስል ጥራት ከጥሩ ነጭ ግድግዳ ብዙም አይበልጥም። የሚበልጠው በምቾት ነው። ሲያስፈልግ ይወርዳል፣ ሳያስፈልግ ይጠቀለላል። ሳሎኑ አንድ ብቻ ባዶ ግድግዳ ካለውና እዚያ ላይ ቡፌ ወይም የሠርግ ፎቶ ካለ፣ ስክሪን የቤት ሰላም ይገዛል። ርካሽ ተጎታች ስክሪን ግን ከጊዜ በኋላ ይጎብጣል፣ ሞገድ ይሠራል። ለቢሮ የተሠሩ አሮጌ ስክሪኖች ብዙ ጊዜ አራቱም ጎናቸው እኩል ስለሆነ ስፋታቸውን እዩ። 180 በ180 የሆነ ስክሪን ለፊልም 81 ኢንች ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ከላይና ከታች ያለው ባዶ ይቀራል።

ኤኤልአር (ALR) የሚባለው የክፍሉን ብርሃን የሚከላከል ስክሪን ግን ሌላ ዓለም ነው። እሱ ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ ይለያል። ከፕሮጀክተሩ የመጣውን ወደ ተመልካች ይልካል፣ ከኮርኒስ አምፖል የመጣውን ወደ ሌላ ቦታ ይገፋል። ግራጫ ቀለም የማይችለው ነገር ይህ ነው፤ ከጣሳ የሚወጣ ቀለምም እንደሱ አያደርገውም። ዋጋው ከፕሮጀክተሩ ሊበልጥ ይችላል።

ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሽቅብ የሚያበራ ፕሮጀክተር ያለው ሰው ደግሞ ግድግዳ መቀባትን ይተው። ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየላሰ ስለሚወጣ፣ ያ የስልክ ባትሪ ሙከራ በየምሽቱ ይደገማል ማለት ነው። እጅግ የተካነ ቀለም ቀቢ የሠራው ግድግዳ እንኳ ሞገዱ ይታያል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን በጠንካራ ፍሬም የተወጠረ፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ስክሪን ግድ ነው።

ኳስ ለማየት ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በነሱ ሰዓት 12:30 ላይ፣ ከእኩለ ቀን ግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የሚጀመረው። በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ 8:30 ወይም 9:30 ይሆናል። ፀሐይ ገና ጠራርጋ የምታበራበት ሰዓት። ከዚያ የሚቀጥሉት የ11 ወይም የ12 ሰዓቶቹም ቢሆኑ ሲጀመሩ ገና አልመሸም። ሳሎኑ በጓደኛ ተሞልቶ፣ በሩ እየተከፈተ፣ ቡና እየተፈላ ክፍሉን ማጨለም አይታሰብም። በዚህ ሁኔታ ነጭም ይቀባ ግራጫ፣ አረንጓዴው ሜዳ ሐመልማል ሳይሆን የታጠበ ጨርቅ ይመስላል።

ዋናው ፍላጎታችሁ የቀን ኳስ ከሆነ ትልቅ ቲቪ ግዙ። 55 ኢንች ቲቪ ቀን ላይ ከ100 ኢንች ደብዛዛ ግድግዳ ይሻላል። ኳሱ ማታ የሚሆንበት የሻምፒዮንስ ሊግ ከሆነ ግን ግድግዳው ያሸንፋል።

ጠርዙን አትርሱ

የመጨረሻው ሥራ በምስሉ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ጠርዝ ማድረግ ነው። ከምስሉ ያለፈውን ብርሃን ይውጣል፣ ጠማማ የሚመስለውን ጠርዝ ያቃናል። አጠገቡ ድፍን ጥቁር ስላለ የምስሉ ጥቁርም ለዓይን ይጠቁራል። ዋጋው ትንሽ፣ ለውጡ ትልቅ ነው። ማት ጥቁር ቀለም ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ጥቁር ከፋይ ነው፤ ብርሃን ውጦ የሚመልሰው እጅግ ትንሽ ነው። ከጨርቅ ሱቅ ትንሽ ገዝታችሁ በቀጭኑ ቆርጣችሁ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ለጥፉት።

ጠርዙን የምትለጥፉት ማሽኑ ቋሚ ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን። ምስሉን አብሩ፣ አራቱን ማዕዘን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በውሃ ልክ አረጋግጡ። ኮርኒሱን ብቻ አይታችሁ አትለኩ፤ የእኛ ቤት ኮርኒስ ብዙ ጊዜ ራሱ ቀጥ አይልም። ቀለሙ ከተቀባ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ታገሡ። ፕላስተሩን ቶሎ ከለጠፋችሁ አንድ ቀን ላስተካክል ብላችሁ ስታነሱት አዲሱን ቀለም ከነስቱኮው ይዞት ይመጣል።